ያረጀች አውቶሞቢል ከባድ ብልሽት ሲገጥማት፦ ትጠገን፣ ሞተር ይቀየርላት ወይስ ትሸጥ?

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ባለመኪናው የሚመጣባት ሰዓት አለች። ገና አፉን ሳይከፍት ሂሳቡ ፊቱ ላይ ይነበባል። «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) መነሳት አለበት» ይላል፤ ወይም «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቆለታል»። ባለመኪናው ደግሞ ሃያ ዓመት የተጠጋችውን አውቶሞቢሉን ከፊት እስከ ኋላ እያየ «አሁን ለዚች መኪና ይሄን ሁሉ ገንዘብ ላፍስስ?» ብሎ ያሰላስላል።

በዚህ ሰዓት ምክር አይጠፋም። አንዱ «ኪስ አውላቂ ናት፣ ሽጣትና ተገላገል» ይላል። ሌላው «ያገለገለ ሞተር ግጠምላት፣ ገና ዓመታት ትነዳታለህ» ይላል። ሦስተኛው «ምን አስቸኮለህ፣ እያስታመምክ ንዳት» ይላል። ሁሉም ከራሱ መኪና ተነስቶ ነው የሚናገረው፤ ለዚያች መኪና ልክ የነበረው ለእርስዎ መኪና ጥፋት ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የጥገናውን ሂሳብ ከመኪናዋ መሸጫ ዋጋ ጋር ሲያስተያይ ነው። በዚህ ሚዛን አሮጌ መኪና ሁልጊዜ ትሸነፋለች። ዋጋዋ በየዓመቱ ይወርዳል፣ ቴስታታ አንስቶ የመግጠም ድካም ግን በአሮጌም በአዲስም መኪና ያው ነው። መጠየቅ ያለበት ያው ገንዘብ በሌላ መንገድ ቢወጣ ስንት ወር ያለ ችግር ያስነዳል የሚለው ነው። ለዚያ ደግሞ ከዋጋው ቀድመው መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

## ከዋጋ በፊት የሚታዩ መለኪያዎች

ቦዲ። ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። የመጀመሪያ መኪናዬ ውሃና ዘይት ቀላቀለች። ቴስታታዋ ተነስቶ ተስተካከለ፣ ጓርኒሲዮኗ (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተቀየረ፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት መሥራት ጀመረ። ከሦስት ወር በኋላ ጎማ ልቀይር ክሪክ ሰክቼ ሳዞር መኪናዋ አልተነሳችም፤ ክሪኩ ነው ወደ ላሜራው ውስጥ የሰመጠው። አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ጠራሁ። ተንበርክኮ ከበሩ ስር ያለውን ቀለም በካቻቢቴ ነካ ሲያደርገው ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ረገፈ፣ ካቻቢቴውም እስከ እጀታው ገባ። ቀና ብሎ አየኝና «ልጄ፣ ሞተሩን ያሠራኸው ለማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የአውቶሞቢል ቦዲ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ሳጥን አይደለም። በአብዛኞቹ ላይ ቦዲው ራሱ ሻንሲው ነው፤ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ የፊትና የኋላ እግሩም የሚታሰሩት በዚያው ላሜራ ላይ ነው። በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ ዝገት የበላው ተሸካሚ ላሜራ ግን ብየዳው ረጅም፣ ዋጋው ከባድ፣ ውጤቱም አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ ስለ ሞተር ከመነጋገር በፊት መኪናዋ ትነሳና ከስር ትታይ። ከበሮቹ ስር ያለው የጎን ላሜራ፣ ክሪክ የሚሰካበት ቦታ፣ ከምንጣፉ ስር ያለው ወለል፣ የሾክ አብዞርበሩ ራስ የሚታሰርበት ክፍልና የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ዋናዎቹ ናቸው። በር ወይም ፓራፋንጎ ላይ ያለ ዝገት መልኳን ያበላሻል እንጂ ዕድሜዋን አይወስንም። ሰው ግን የሚያየው እሱን ነው፤ ስሯን አጎንብሶ የሚያይ ጥቂት ነው።

የብልሽቱ እርግጠኝነት። «ይመስለኛል» ባለ መካኒክና «ለክቼዋለሁ» ባለ መካኒክ መካከል ያለው ልዩነት ከጥገናው ሂሳብ ግማሹን ሊያህል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ሁሉም አዲስ መኪና አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ተደርጓል። ማሽን ሰክቶ ኮድ ማንበብ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱ ግን የበሽታውን ሰፈር ይጠቁማል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ በስሙ አይጠራም። ለምሳሌ ፒ0420 የሚለው ኮድ ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ደክሟል ይላል፤ የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ወይም የደከመ ኦክስጅን ሴንሰርም ይህንኑ ኮድ ሊያስወጣ ይችላል። ካታላይዘር ከውድ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ በኮድ ብቻ ቀይረውት መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ የበራባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከትልቅ ጥገና በፊት የሚደረጉ ትናንሽ ልኬቶች አሉ። ሞተር «ደከመ» ከተባለ የሁሉም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የመጭመቅ ኃይሉ) ይለካ፤ ውጤቱም በቁጥር ይጻፍ። ጓርኒሲዮን ከተጠረጠረ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ከሞተሩ የወጣ የተቃጠለ ጋዝ መኖሩን የሚለይ ፈሳሽ አለ፤ ቀለሙን ይቀይራል። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ከተጠረጠረ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት፤ ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ ደግሞ 12.6 ገደማ ያሳያል። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ የተሳሳተ መለዋወጫ ያንሳል።

ደህንነት። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና ኤርባግ ከድርድር ውጭ ናቸው። አንድ አማራጭ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን እነዚህን ሳያሟላ የሚያስነዳ ከሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ።

የወር ወጪ። አጠቃላዩን ወጪ ያለ ችግር ለተነዳበት ወር ማካፈል ነው። ከታች በቁጥር እመለስበታለሁ።

ቆማ የምትውልበት ቀንና የመለዋወጫ መገኘት። መኪናዋ እንጀራዎ ከሆነች ጋራዥ ውስጥ የምትቆምበት እያንዳንዱ ቀን ወጪ ነው። በብዛት የተሸጠ ሞዴል መለዋወጫው ይገኛል፣ መካኒኩም እጁ ለምዶታል። ብርቅዬ ሞዴል አንድ ሴንሰር ፍለጋ ወር ሊቆም ይችላል።

## በቁጥር ሲሰላ

ቁጥሮቹን ለማስያ ያህል ነው የምወስዳቸው፤ የራስዎን ተክተው ያስሉ። መኪናዋ ጤነኛ ሆና ዋጋዋ 100 ይሁን። ተበላሽታ እንደቆመች ብትሸጥ 55 ታወጣለች። ጥገናው 40 ይጠይቃል።

አስጠግነው 24 ወር ቢነዷት፣ በዚህ ጊዜ ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለፍሬን ሸራ 20 ቢያወጡ፣ መጨረሻ ላይ 70 ብትሸጥ፦ 55 (ሳይሸጡ የቀሩት) ሲደመር 40 ሲደመር 20፣ ሲቀነስ 70፣ ይሆናል 45። ለ24 ወር ሲካፈል በወር 1.9 ገደማ።

ሸጠው በ160 ሌላ ቢገዙስ? ለስም ማዛወሪያና መሰል ወጪ 8፣ ያልታወቀችውን መኪና ለማስተካከል በመጀመሪያው ዓመት 25፣ ለመደበኛ እንክብካቤ 15 ይጨመር፤ ከ24 ወር በኋላ 125 ትሸጥ። 83 ይሆናል፤ በወር 3.5 ገደማ።

እስካሁን ጥገናው እያሸነፈ ነው። አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንቀይር፦ የተጠገነችው መኪና በ6 ወሯ ሌላ ከባድ ብልሽት ቢገጥማትና በ50 ብትሸጥስ? 55 ሲደመር 40፣ ሲደመር 5፣ ሲቀነስ 50፤ ለ6 ወር ሲካፈል በወር 8.3። ርካሽ የነበረው አማራጭ ከሁሉም ውድ ሆኖ አረፈ። የጥገናው ዋጋ በሁለቱም ስሌት ያው 40 ነው፤ የተለወጠው የወሩ ቁጥር ነው። ወሩን የሚወስነው ደግሞ የቦዲው ጤንነትና የብልሽቱ እርግጠኝነት ነው። ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ ከመካኒክ ጋር ግማሽ ቀን ከመከራከር መኪናዋን አንስቶ ስሯን ማየት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

## አማራጭ አንድ፦ በደንብ ማስጠገን

ቦዲዋ ንጹህ ከሆነ፣ ብልሽቱ ከተለካና ታሪኳን ካወቁት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጋዋ (የሞተሩን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው ቀበቶ) መቼ እንደተነካ፣ የቱ በር በዝናብ ውሃ እንደሚያስገባ ያውቃሉ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለመኪናም ይሠራል።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን አንድ ነገር ሲከፈት አብሮ የሚሠራውን አብሮ በማሠራት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታ ሲነሳ የታይሚንግ ቺንጋው መውረዱ አይቀርም። ያኔ ቺንጋውን፣ መወጠሪያውን፣ የውሃ ፖምፓውንና ቴርሞስታቱን በአንድ ላይ መቀየር የዕቃ ዋጋ ብቻ ነው፣ የእጅ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። ፍሪሲዮን ሲወርድም እንዲሁ፦ ዲስኩ፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ። ኩሽኔታ ለመቆጠብ ሲባል ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ማውረድ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ነው። ቴስታታ ደግሞ ሳይለካና ሳይላግ ተመልሶ እንዳይገጠም። አልሙኒየም በሙቀት ይጣመማል፤ በተጣመመ ቴስታታ ላይ የተገጠመ አዲስ ጓርኒሲዮን ዕድሜ አይኖረውም።

አደጋው ሥራው እየተስፋፋ መሄዱ ነው። «እስከተከፈተ ድረስ ይሄም ይቀየር» የሚለው አነጋገር አንዳንዴ እውነተኛ ምክር፣ አንዳንዴ ሂሳብ ማስረዘሚያ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የሚጨመረው ዕቃ በኋላ ለብቻው ቢቀየር ያንኑ ክፍል እንደገና መፍታት የሚጠይቅ ከሆነ አሁን ይቀየር። ካልጠየቀ ይጠብቅ።

## አማራጭ ሁለት፦ እያስታመሙ መንዳት

ይህ አማራጭ ስሙ የጠፋው ብዙ ሰው በቸልተኝነት ስለሚያደርገው ነው። አውቆ ለሚያደርገው ግን በወር ስሌት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ርካሹ ነው። ሚስጥሩ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን መለየት ላይ ነው።

የሚጠብቁ፦ የማይሠራ ኤር ኮንዲሽነር፣ የማይወርድ መስኮት፣ የተላጠ ቀለም፣ ሞተሩን የሚያወዛ ግን መሬት ላይ የማይንጠባጠብ ዘይት፣ በቀስታ ስንነዳ የሚያንኳኳ የእግር ጎሚኒ። ዘይት የምትበላ መኪናም ቢሆን ወዲያው ኦቨርሆል (ሞተሩን ፈትቶ ማደስ) አያስፈልጋትም። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን የተፈቀደ አድርገው ይቆጥሩታል። በየነዳጁ ዘይት መለካትና መጨመር የፒስተን ፋሻ ከማስቀየር ይረክሳል፤ የሚቃጠለው ዘይት ግን ካታላይዘሩን ቀስ በቀስ እንደሚገድለው ይታወቅ።

የማይጠብቁ፦ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የላላ ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የሚያፈስ ራዲያተር፣ የበራ የዘይት ግፊት መብራት፣ ጊዜው ያለፈ የታይሚንግ ቺንጋ። የቺንጋ መቀየሪያ እንደ አምራቹ ከ60,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ይለያያል፤ የዓመት ገደብም አለው። መኪናዋን ያገለገለች ገዝተው ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቮቹ ይጋጫሉ፤ የአንድ ቺንጋ ቸልታ የሙሉ ሞተር ሂሳብ ይሆናል። የፍሬን ዘይትም የሚረሳ ነገር ነው። ከአየር እርጥበት እየሳበ የመፍያ ነጥቡ ስለሚወርድ በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየራል።

የሙቀት ጌጁ ሲወጣ «እዚያ ድረስ ትድረስልኝ» ማለት አይገባም። ያቺ የመጀመሪያ መኪናዬ ቴስታታዋ የተጣመመው በዚያች በአምስት ደቂቃ ጉዞ ነው። ያፈሰሰችው ከአንድ የላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ቱቦዋ ኪስ ውስጥ የምትገባ ናት።

ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ጣሪያ ያብጅ፦ «በዚህ ዓመት ከዚህ መጠን በላይ ከጠየቀችኝ እሸጣታለሁ» ብሎ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ብልሽቱ መጥቶ ሆድ ከመባባቱ በፊት።

## አማራጭ ሦስት፦ ያገለገለ ሞተር ወይም ካምቢዮ መግጠም

ቦዲዋ ጤነኛ፣ ሞተሯ ግን በጥገና ከማይመለስበት የደረሰ መኪና ላይ ይህ አማራጭ ከኦቨርሆል ጋር ይፎካከራል። ያገለገለ ሞተር ፈጣን ነው፤ ዕቃው ከተገኘ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ዕድሜው ግን አይታወቅም። ኦቨርሆል ረዘም ያለ ጊዜና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በትክክል ከተሠራ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ያውቁታል። እኔ ብሆን የምመርጠው በእጁ እንጂ በዕቃው አይደለም፦ ሲሊንደር ለክቶ በቁጥር የሚያስረዳ መካኒክና የታመነ መላጊያ ቤት ካለ ኦቨርሆል፣ ከሌለ ያገለገለ።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ከመገጠሙ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ። የዘይት መሙያ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ይታይ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ካለበት ዘይቱ በጊዜ ያልተቀየረለት ነው፤ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቶበታል። የሞተሩ ኮድ ከቀድሞው ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ፤ አንድ ስም ያለው ሞተር በሁለት ዓመት ልዩነት ሴንሰሩ ሊለያይ ይችላል። መሬት ላይ እያለ ኦይል ሲሎቹን፣ ቺንጋውን፣ የውሃ ፖምፓውንና ካንዴላውን መቀየር ከተገጠመ በኋላ ከማድረግ እጅግ ይቀላል። የሞተር ቁጥር በሰነድ ላይ በሚመዘገብበት አገር ደግሞ የሞተሩ ሕጋዊ ወረቀት ከዕቃው ጋር እጅ በእጅ ይቀበሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው ጥያቄ የመጀመሪያው ሞተር በምን ሞተ የሚለው ነው። በተደፈነ ራዲያተር ወይም በማይሠራ ማራገቢያ የሞተ ከሆነ አዲስ የተገጠመውንም ያው ራዲያተር ይጠብቀዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንዲሁ ነው፤ የአሮጌው ብረት ፍቅፋቂ የገባበት ማቀዝቀዣ ሳይታጠብ ሌላ ካምቢዮ ቢገጠም ቆሻሻውን ይወርሳል። ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሞተር የባሰ ዕጣ ነው፤ ኮምፕሬሽን እንደመለካት ያለ ቀላል ፈተና የለውም። በሌላ መኪና ላይ ተገጥሞ ሲሠራ ካላዩት ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፤ ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የማውረጃ የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋም ይሸፍናል የሚለው በግልጽ ይጻፍ።

## አማራጭ አራት፦ እንዳለች ሸጦ ሌላ ያገለገለች መግዛት

በስሌቱ እንዳየነው ይህ ብዙ ጊዜ ውድ ነው፤ ግን ቦዲዋ የዛገ መኪና ያለው ሰው ሌላ ትክክለኛ መንገድ የለውም። አንድ እውነተኛ ጥቅምም አለው፤ የደህንነት ዕድሜ። መኪና ሲንሸራተት ፍሬኑን በየጎማው ለይቶ የሚይዘው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል፣ በአውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014 ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ አውቶሞቢሎች ይህ የላቸውም፤ ምንም ዓይነት ጥገናም አይጨምርላቸውም።

ሲገዙ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቅዎ ያድርጉ። ሻጩ «አስነስቼ አሙቄልህ ነበር» ካለ በማግስቱ ጠዋት ይመለሱ፤ ጭስና ማንኳኳት የሚታወቀው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ጎማው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ዕድሜውን ይናገራሉ፦ 2419 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም 10 ዓመት የሞላው ጎማ ይወገዳል። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥር ደግሞ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው የፋብሪካ ጉድለት ተገኝቶባት ለእርማት የተጠራች መሆን አለመሆኗን ይዩ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች በሙቀትና በእርጥበት ከዕድሜ ጋር እየተበላሹ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ተሳፋሪ ላይ በመወርወራቸው በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹና በ2010ሮቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ማለትም ዛሬ ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ናቸው። መቀየሩ በአምራቹ ወጪ ነው። ይህን አሁን የሚነዷት መኪና ላይም ዛሬውኑ ያድርጉት።

መኪናዋን ፈታትቶ በየዕቃው መሸጥ የሚባል አምስተኛ መንገድም አለ። ቦታና ጊዜ ላለው ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ማንም የማይፈልገው ባዶ ቦዲ ግቢ ውስጥ ይቀራል።

## ስለ መለዋወጫ ምርጫ ጥቂት

የትኛውም ጥገና ውስጥ ሌላ ምርጫ ተደብቋል። በመኪናው አምራች ካርቶን የሚሸጠው ዕቃ ውድ ነው፤ ግን ብዙ ዕቃዎችን የሚያመርቱት እንደ ቦሽ፣ ዴንሶና አይሲን ያሉ አቅራቢዎች ናቸው። በራሳቸው ካርቶን ሲሸጡት ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፤ አስመስሎ የሚሠራባቸውም እነርሱ ስለሆኑ ከታመነ ሻጭ ይገዛ። ያገለገለ ዕቃ ለበር፣ ለመስታወት፣ ለመብራት፣ ለወንበርና ለስፖኪዮ ምንም ችግር የለውም፤ የታደሰ ዲናሞና ሞተሪኖም (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይሠራል። ላስቲክ ያለበት፣ የሚያልቅና ሕይወት የሚጠብቅ ነገር ግን ያገለገለ አይገዛም፦ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ የውሃ ቱቦ፣ ኤርባግ።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መለኪያ | በደንብ ማስጠገን | እያስታመሙ መንዳት | ያገለገለ ሞተር/ካምቢዮ | ሸጦ ሌላ መግዛት |
|---|---|---|---|---|
| በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ | መካከለኛ | ትንሽ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| የወር ወጪ | ዝቅተኛ፣ ብልሽቱ ከተለካ | ዝቅተኛ፣ ጣሪያ ከተበጀለት | በዕቃው ዕድሜ ይወሰናል | ከፍተኛ |
| የዛገ ቦዲ ካለ | አይሆንም | ደህንነቱ ከተረጋገጠ ለአጭር ጊዜ | አይሆንም | ትክክለኛው |
| እርግጠኝነት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ በምርመራ ይሻሻላል |
| ቆማ የምትውልበት | ከቀናት እስከ ሳምንታት | ጥቂት፣ ግን ተደጋጋሚ | ዕቃው ካለ ቀናት | የመፈለጊያው ጊዜ |
| የደህንነት መሻሻል | ወደ ነበረበት ይመለሳል | አይሻሻልም | አይሻሻልም | ሊሻሻል ይችላል |

## ለማን የቱ?

ያለችዎ አንድ መኪና ከሆነች፣ በየቀኑ የምትፈለግና ቦዲዋ ደህና ከሆነች፣ በደንብ ያስጠግኗት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ከደህንነት ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን የሚያበላሸውን፣ ማለትም ማቀዝቀዣ፣ ቺንጋና የዘይት መፍሰስ፤ ምቾት መጨረሻ ይምጣ።

ጥሬ ገንዘብ ለሌለው፣ ወይም በዓመት ውስጥ መኪና ለመቀየር ላሰበ ሰው ማስታመም ይበቃል። ሁለተኛ መኪና ያለው ሰውም በዚሁ ይመደብ፤ አንዷ ስትቆም አይቸገርም፣ ስለዚህ አይጣደፍም፣ የማይጣደፍ ሰው ደግሞ በርካሽ ያሠራል።

በመኪናዋ ሠርቶ የሚያድር ሰው ስሌቱን በቀን ያድርገው። ኦቨርሆል በዕድሜ ቢበልጥም ወር የሚያስቆም ከሆነ፣ ተፈትኖ ዋስትና የተጻፈለት ያገለገለ ሞተር ሊያዋጣ ይችላል።

ለአዲስ አሽከርካሪ ልጅ የሚታሰብ መኪና ከሆነ ግን ያረጀችውን ከማስጠገን ይልቅ ጥቂት ተጨምሮ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያላትን ብፈልግ እመርጣለሁ። እዚህ ላይ የወር ወጪ ሁለተኛ ነው።

ለመሸጥ የወሰነ ሰው ደግሞ ብልሽቱን አይደብቅ፤ ልኬቱን በወረቀት ያሳይ። ገዢ ያልተነገረውን ብልሽት ከሁሉም የከፋው አድርጎ ገምቶ ነው ዋጋ የሚሰብረው። ያቺን የመጀመሪያ መኪናዬን የሸጥኳት ምንጣፏን አንስቼ፣ የረገፈውን ላሜራ አሳይቼ ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየና «ቦዲው ምን ያደርግልኛል፣ የእኔዋ በግጭት ሞተሯ የተሰበረ ነች» አለኝ። ቴስታታው የተሠራበትን ደረሰኝ ሲያይ ዋጋ አልተከራከረኝም።